ጀርባዋ ላይ ዓሣ ያለባት ባጅ

እሑድ ጠዋት የጥርስ ሐኪሙ ልጅ ቁርስ በትሪ ይዛ የአባቷን ክፍል በር በክርኗ ገፋ ስታደርግ መጀመሪያ ያየችው የተገለበጠ ወንበር ነው። ቀጥሎ የአባቷን ጫማ አየች። ሽማግሌው ጠረጴዛው ሥር በጎናቸው ወድቀዋል፤ ከጆሯቸው በላይ ደም ይፈሳል። ትሪው ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። በዚያው ቅጽበት የጓሮው በር ጓ ብሎ ሲዘጋ ሰማች። እሷ ግን ወደ በሩ አልሮጠችም። ተንበርክካ የአባቷን አንገት ዳሰሰች፤ ይመታል።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ አምቡላንሱ ሽማግሌውን ይዞ ሄዷል። ጣቢያ ውስጥ ይህን ሰው በማዕረጉ የሚጠራው ጥቂት ነው፤ የቀረው "እስቲ ቆይ" ነው የሚለው። ሌላው ሰው ድምዳሜ ላይ ሲሮጥ እሱ ሁልጊዜ "እስቲ ቆይ" ስለሚል ነው። ሰውነቱ ወፍራም፣ አረማመዱ ዝግ ያለ ነው። አብራው የምትሠራው ሳጅን ደግሞ ተቃራኒው ናት፤ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ እሷ ደረጃውን ጨርሳለች።

ክፍሉ የሽማግሌው የድሮ ክሊኒክ ነው። የጥርስ መንቀያው ወንበር እስካሁን መስኮቱ ሥር አለ። መሰርሰሪያና መርፌ ይቀመጥባቸው የነበሩት መሳቢያዎች ግን ዛሬ ባጅ ነው ያለባቸው፤ ጥቁር ጨርቅ ላይ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል።

"ጡረታ ሲወጣ ጥርስ መንቀሉን ተወ እንጂ ማጎንበሱን አልተወም" አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ አብጧል። "የሚሰበስበው የልጆችና የወጣቶች ማኅበር ባጅ ብቻ ነው። ስካውቱ፣ ወጣት እሳት አጥፊው፣ ዛፍ ተካዩ፣ ሁሉም አለ።"

"ለምን የወጣት ብቻ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"እኔም ጠይቄው ነበር። 'የጄኔራል ሜዳሊያ ጠባቂ አያጣም፤ የልጅ ባጅ ግን ከጠበበው ሱሪ ጋር ነው የሚጣለው' አለኝ።"

ኢንስፔክተሩ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። አንድም ባዶ ቦታ የለም። ከእያንዳንዱ ባጅ ሥር ትንሽ ካርድ አለች፤ ባጇን ማን እንዳደረጋት፣ ምን ይዘምር እንደነበር፣ አንዳንዴም ምን ያስፈራው እንደነበር ተጽፎባታል። "ይህቺ ልጅ ጨለማ ትፈራ ነበር፤ ድንኳን ጠባቂ ያደረጓት ለዚያ ነው" ይላል አንዱ። ኢንስፔክተሩ ሳያስበው ፈገግ አለ። የተመቱት ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ከዚያች ካርድ ገባው።

"ዕቃ አልጠፋም" አለች ሳጅኗ ከጓሮ ተመልሳ። "የተመቱት በአጉሊ መነጽሩ የናስ እግር ነው፤ አሻራው ተጠርጓል። ሌባ አይደለም፤ የሚያውቁት ሰው ነው።"

"እስቲ ቆይ። የሚያውቁት ሰው ምን ፈልጎ መጣ?"

መልሱ ከሆስፒታል መጣ። ነርሷ የሽማግሌውን ግራ እጅ በግድ ፈልቅቃ ስትከፍት ውስጡ አንዲት ባጅ ተገኘች።

*

ባጇ የአውራ ጣት ጥፍር ታህል ነበር። ሰማያዊ ቀለሟ ጠርዙ ላይ ተሸራርፏል። ከሥር እንደ ሞገድ የተጠማዘዘ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በላይ ሁለት እጆች ተያይዘዋል። አንድም ፊደል የላትም።

"መጨባበጥ ነው" አለች ሳጅኗ። "የወዳጅነት ማኅበር፤ አለቀ።"

አላለቀም። ሳጅኗ የባጇን ፊት በስልኳ ፎቶ አንስታ ቤተ መዘክርም፣ ቤተ መጻሕፍትም፣ የድሮ ዕቃ ሻጮች ዘንድም ዞረች። አንዱ የሠራተኛ ወጣቶች ናት አላት፤ ሌላው የእርቅ ማኅበር ነው ብሎ ማለላት። ሦስተኛው ስልኩን አዙሮ አዙሮ አይቶ "የቁልፍ መያዣ ትሆን?" አላት። እግሯ እንጂ ምርመራው አልተራመደም።

ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ትልቅ ሰው ራሳቸው ጣቢያ መጡ። ከተማው ሁሉ "ካፒቴኑ" ነው የሚላቸው። ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ወንዙ ሞልቶ ትምህርት ቤቱን የዋጠ ጊዜ፣ በጀልባ እየተመላለሱ ጣሪያ ላይ የቀሩትን ልጆች ያወጡ ጀግና ናቸው። ታሪካቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ኮታቸው ላይ የዚያን ጊዜው የ"ወንዝ ዘብ ወጣቶች" ባጅ አለች፤ መቅዘፊያ በገመድ ተከቦ። በመጪው ቅዳሜ የዚያ ጎርፍ መታሰቢያ ሐውልት ይመረቃል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው።

"ሐኪሙ ወንድሜ ማለት ነው" አሉ ወንበር እየሳቡ። "ለምረቃው ኤግዚቢሽን ባጅ የሚመርጥልን እሱ ነበር። ምን ልርዳ?"

ሳጅኗ ስልኳን አሳየቻቸው። ካፒቴኑ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቶሎም አወለቁት።

"ይቺማ የድሮ የዋና ክለብ ናት። ዋጋ የላትም። እናቶች በክር ይሰፉላቸው ነበር ለልጆቹ። በሷ ጊዜ አታጥፉ።"

"እሑድ ጠዋት የት ነበሩ? ሁሉንም የምንጠይቀው ነው፤ አይቀየሙን" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ሐውልቱ ጋ ነዋ፤ ከድንጋይ ጠራቢዎቹ ጋር። ያ የድንጋይ መቁረጫ ማሽን ጠዋቱን ሙሉ ጆሮዬን ሲበሳው ዋለ። እስካሁን ይጮህብኛል" ብለው ጆሯቸውን በጣታቸው ነቀነቁ።

ሲወጡ ጣቢያው በሙሉ ተነሥቶ ሸኛቸው። ኢንስፔክተሩም ተነሣ።

*

ጥርጣሬው ሁሉ ያነጣጠረው "ማግኔት" የሚባለው ሰው ላይ ነበር። ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይለጠፍበታል ተብሎ የወጣለት ስም ነው። እሱም ባጅ ሰብሳቢ ነው፤ ከሐኪሙ ጋር ባለፈው ወር በአንዲት የስካውት ባጅ ተጣልተው ጎረቤት እስኪሰማ ተጯጩኸዋል። ሳጅኗ አውቶቡስ መናኸሪያ አገኘችው፤ ሻንጣ ይዞ ሊሄድ ሲል።

"የት ልትሸሽ ነው?"

"ልሸሽ? እኅቴ ጋ ልሄድ ነው። ሻንጣውን ክፈቺው፤ ካልሲ ነው።"

እውነትም ካልሲ ነበር።

"እሑድ ጠዋት የት ነበርክ?" አለ ኢንስፔክተሩ ቢሮ ካስገባው በኋላ።

ማግኔት ፊቱ ቀላ። "ባልናገር ይሻላል።"

"ባትናገር ማረፊያ ቤት ነው የምታድረው።"

"የቀድሞ ሚስቴ ሠርግ ላይ። አገባች። ጠርታኝ ሄድኩ፤ ሰው ሁሉ ሙሽራውን ትቶ እኔን ነበር ሲያይ የዋለው። ምስክር ከፈለግክ ሠርገኛውን በሙሉ ጥራ። ከተማውን ልለቅ የነበረውም አፍሬ ነው።"

ሳጅኗ ሳቋን በሳል ሸፈነች። ስልክ ደወለች፤ ሙሽራዋ ራሷ አነሣችና አረጋገጠች።

"ታዲያ ከሐኪሙ ጋር ምን አጣላችሁ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ያቺ ባጅ የውሸት ናት ብሎኝ ነው። ለካ እውነቱን ኖሯል። ከእሱ ጋር የሚጣላ ሁሉ በኋላ የሚያፍር ነው። እንዴት ነው አሁን?"

"አልነቃም።"

ማግኔት ለአፍታ አቀረቀረ። ከዚያ "ይዛችኋት የምትዞሯት ባጅ አለች ይባላል። ላያት" አለ።

ኢንስፔክተሩ ባጇን ራሷን ጠረጴዛው ላይ አኖረለት። ማግኔት ፊቷን ሳያይ ገለበጣት።

"ሰው ሁሉ ባጅ ሲያይ ፊቷን ነው የሚያየው። ፊት ይዋሻል፤ ጀርባ አይዋሽም። ይህን ያስተማረኝ ሐኪሙ ነው። እዚህ ጥግ ላይ ምን ይታይሃል?"

ኢንስፔክተሩ አጎነበሰ። "ጭረት።"

"ጭረት አይደለም፤ ዓሣ ናት። የሠሪው ምልክት። ይቺ ዓሣ ያለችው አንድ ማኅበር ባጅ ላይ ብቻ ነው፤ የወንዝ ዘብ ወጣቶች።"

"የካፒቴኑ? የሳቸው እኮ መቅዘፊያ ነው ያለበት!" አለች ሳጅኗ።

"እኔም ግራ የገባኝ እሱ ነው። ደግሞ ጣቶቹን እዩ። ይህ መጨባበጥ አይደለም። አንዱ የሌላውን አንጓ ነው የያዘው። እንዲህ የሚያያዘው ከውሃ ሰው የሚያወጣ ነው፤ ጣት ያሟልጫል። መርፌም የላትም። እነዚህ ሁለት ትንንሽ ቀለበቶች ክር ማስገቢያ ናቸው፤ ልብስ ላይ ትሰፋለች ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ እዚህ የቀረችው ብጣሽ ክር እንደ ባጇ አላረጀችም። ዓምና ወይ ካቻምና የተሰፋች ናት።"

"ታውቃታለህ እንዴ?"

ማግኔት ጭንቅላቱን አከከ። "አይቻታለሁ። ሕዝብ መዋኛው ጋ ልጆች የሚያስተምሩ አንዲት እናት አሉ፤ ካፖርታቸው ላይ ሰፍተዋት ነበር። ሽጡልኝ ብዬ ብለምን ብሠራ ስቀው ሸኙኝ። የምን እንደሆነች እንኳ አልነገሩኝም። ለሐኪሙ የሰጡበት ምሥጢር ነው የማይገባኝ።"

*

የዋና አስተማሪዋ ከሰባ በላይ ናቸው። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው አንዲት ትንሽ ልጅ በጀርባዋ አንሳፈው ይዘዋል። እጃቸው ከሥሯ እንዳለ ልጅቷ ታምናለች፤ እጃቸው ግን ከወጣ ቆይቷል።

"እየተንሳፈፍሽ ነው እኮ!" ሲሏት ልጅቷ ደንግጣ ሰመጠች። አስተማሪዋ አንጓዋን ይዘው አወጧትና አብረው ሳቁ።

ኢንስፔክተሩ ባጇን ሲያሳያቸው ሳቃቸው ጠፋ። ፎጣ ደርበው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"ሐኪሙ ምን ሆነ?"

ነገራቸው።

"እማማ፣ ባጇ የማን ናት?"

"የእኔ ናት። የወንዝ ዘብ ሴቶች ክፍል። እንደነበርን የሚያስታውስ የለም። ሴት ልጅ ጀልባ ላይ አትወጣም የሚል ደንብ ነበራቸው፤ የእኛ ሥራ ፋሻ ማሰር ነበር። ለዚህ ነው መቅዘፊያ ያልሳሉልን። ቁስለኛ ስናቅፍ እንዳይወጋ ብለው ደግሞ መርፌውን በክር ማስገቢያ ለወጡት።"

"ለሐኪሙ ለምን ሰጧቸው? ለሌላው እምቢ ብለው?"

"ሌላው ሁሉ 'ስንት ትሸጪያታለሽ' ነው የሚለኝ። እሱ 'ማን ሰፋልሽ' ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጥያቄ በዕድሜዬ የጠየቀኝ የለም።" ፎጣውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። "የሰፋችልኝ የካፒቴኑ እናት ናት። ሠፈራችን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የሁላችንንም የሴቶቹን የሰፋችው እሷ ናት። የእኔ ክር በላላ ቁጥር እየነቀለች እንደ አዲስ ትሰፋልኝ ነበር፤ ዓምና እስክትሞት ድረስ።"

ኢንስፔክተሩ "እስቲ ቆይ" ሊል ነበር፤ አላለም።

"ወንዙ የሞላ ቀን ጀልባዋ ዳር ታስራ ነበር፤ የወንዶቹ አለቃ የለም። አባቴ አሻጋሪ ስለነበር መቅዘፍ እችላለሁ። ደንብ አላልኩም፤ ገባሁ። ካፒቴኑም ዘሎ ገባ፤ ይህን አልክድበትም። ልጅ ነበር፣ ግን ገባ። መካከል ስንደርስ ውሃው ሲያገሳ መቀመጫውን ጨምድዶ ይዞ አለቀሰ። እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። የቀዘፍኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን ከጣሪያ እየያዝኩ ያወረድኳቸውም እኔ ነኝ። ስንጨርስ ራሴን ስቼ ወደቅሁ፤ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ስመለስ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ መቅዘፊያውን ይዞ።"

"ዝም አሉ?"

"እናቱ ሁለት ልጆቿን በዚያው ውሃ ቀብራለች። የቀራት እሱ ነው፤ በእሱም ሰው እያቆመ ያመሰግናታል። ሄጄ 'ውሸት ነው' ልበላት? አንተ ትላት ነበር?"

ኢንስፔክተሩ ባጇን በመዳፉ ገለበጣት።

"ስትሞት ለሐኪሙ ነገርኩት። 'ሐውልቱ ላይ ስምሽ ይግባ' አለ። እኔ ስም አልፈለግኩም። ግን የሴቶቹ ክፍል አንድም ቦታ የለም፤ ጓደኞቼ ሳይታወቁ አለፉ። እሱ ደግሞ 'መጀመሪያ ካፒቴኑን ላናግረው፤ ራሱ ቢናገር ይከበርበታል' አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሊያዋርደው አልነበረም የጠራው።"

*

መኪናው ውስጥ ሳጅኗ ሞተሩን አስነሥታ "ምክንያት አለን፤ ማስረጃ ግን የለንም። ካፒቴኑን በሴትየዋ ቃል ብቻ ብንይዝ ከተማው ይበላናል" አለች።

"እስቲ ቆይ። አንቺ ለካፒቴኑ ምን አሳየሻቸው?"

"ፎቶውን።"

"የባጇን ፊት ወይስ ጀርባ?"

"ፊቷን። ጀርባዋን አላነሣሁትም።"

"እሳቸው ግን እናቶች በክር ይሰፏት ነበር አሉን። ፊቷን ብቻ ያየ ሰው መርፌ የላትም ብሎ እንዴት ያውቃል? እኛ እንኳን ማግኔት እስኪነግረን ቀለበቶቹ ምን እንደሆኑ አላወቅንም።"

ሳጅኗ መሪውን በመዳፏ መታች። "የዋና ክለብ ያሉን እያወቁ ነው!"

"ማወቃቸው ብቻውን መምታታቸውን አያሳይም። ጠራቢዎቹ ጋ ንጂ።"

ጠራቢዎቹ አቧራ ለብሰው ሐውልቱ ሥር ይሠሩ ነበር። ትልቁ ጠራቢ ጥያቄውን ሲሰማ ግራ ተጋባ።

"እሑድ ጠዋት? እሑድ ጠዋትማ መብራት አልነበረም። ማሽኑ እስከ ቀትር አልተነሣም፤ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነው የጠበቅነው። ካፒቴኑ የመጡት ከሰዓት ነው። እጃቸውን ደግሞ እዚያ ቧንቧ ሲታጠቡ ሲታጠቡ..." አለና ነገሩ ሲገባው አቋረጠ።

ካፒቴኑ ከሐውልቱ በስተጀርባ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ሊሸሹ አልሞከሩም። ኢንስፔክተሩ ወደ እሳቸው ሄዶ ባጇን በመዳፉ ላይ ዘረጋላቸው።

"አልመታውም ነበር" አሉ ካፒቴኑ። "በደግነት ነው ያናገረኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። 'እርስዎ ራስዎ ቢናገሩት እኮ ልጆች ከበፊቱ የበለጠ ይወዱዎታል' አለኝ። ስጠኝ አልኩት ባጇን። እጁን ጨበጠ። ከዚያ... ያ ነገር እጄ ገባ። ወዲያው ልጁ ደረጃው ላይ መጣች።"

"እሱን ጣቢያ እንጽፋለን።"

"መጀመሪያ ሌላ ጻፍልኝ።" ወደ ጠራቢዎቹ ዞሩ። "የእኔን ስም አትቅረጹ። የቀዘፈችው እሷ ናት።"

ትልቁ ጠራቢ መሮውን አስቀመጠ።

*

በማግስቱ የሐኪሙ ልጅ ደወለች። አባቷ ዓይናቸውን ገልጠዋል። አፋቸው ገና ይተሳሰራል፤ ሲያዩዋት ግን መጀመሪያ የጠየቁት "ካፒቴኑ ራሱን አልጎዳም አይደል?" ብለው ነው። ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘግቶ "በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆየሁ፤ እንዲህ ያለ ተበዳይ አላየሁም" አላት ለሳጅኗ።

ከቀትር በኋላ የዋና አስተማሪዋ መጡ። ፀጉራቸው ገና እርጥብ ነው። ካፒቴኑን ማየት ፈለጉ። ኢንስፔክተሩ ራሱ ይዟቸው ገባ፤ በሩ አጠገብም ቆመ።

ካፒቴኑ ሲያዩዋቸው ተነሡ። "እትዬ" አሉ፤ እንደ ልጅነታቸው።

"ተቀመጥ። በሐኪሙ አዝኜብሃለሁ። ተናድጄብህ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ተናድጃለሁ።"

"ልክ ነሽ።"

"ልጅ ፈርቶ ቢያለቅስ ጥፋት የለበትም። ይሄኛው ግን የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው ትከፍለዋለህ።"

"እከፍላለሁ።" ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያጽናናኝ። እናቴ ሳታውቅ ሞተች።"

አስተማሪዋ ሊሉት የመጡት እሱን እንደሆነ ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

"ታውቅ ነበር" አሉ።

"ምን?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ሆስፒታል ልትጠይቀኝ መጥታ ፋሻዬን ስትቀይርልኝ መዳፌን አየችው። ቆዳ አልነበረውም፤ መቅዘፊያው ልጦታል። አንተን ደግሞ እጅህን የምታጥብህ እሷ ነበረች። ያንተ መዳፍ አንድ ጭረት አልነበረበትም። ምን ትጠይቅ? እኔ ራሴ ያወቅሁት ልትሞት ስትል ነግራኝ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አለችኝ? ያን ሁሉ ዘመን፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ 'ልጄ' እያለች ስትኮራ!"

"በጀልባው የኮራች መስሎህ ነው? ሦስት ልጅ ወጣ፤ አንዱ ወደ ቤት ተመለሰ። ኩራቷ እሱ ነው። መቅዘፍህን አልጠየቀችህም።"

ካፒቴኑ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። አስተማሪዋ ወንበራቸውን ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። ኢንስፔክተሩ ወጥቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ሴትየዋም የካፒቴኑ ልቅሶ እስኪያበቃ ድረስ ከዚያ አልተነሡም።